ሁለት ክረምት የኖረችው ቀበሌ

እህቴ ስልኳ ላይ የማታነበው ነገር የለም። ባለፈው ሰሞን ከደሴ ልትጠይቀን መጥታ የአንድ የፖላንድ ክፍለ ሀገር ታሪክ ታነብልኝ ጀመር። ክፍለ ሀገሩ በሆነ ዘመን ተቋቋመ፣ ሃያ ምናምን ዓመት ኖረ፣ ከዚያ መንግሥት ካርታውን አጠፈና ከጎረቤቶቹ ጋር ቀላቀለው። «ዕድሜው አጭር ነበር ይላል» አለችኝ፣ እንድናዝንለት ይመስል። ሳቄ መጣ። ሃያ ምናምን ዓመት ኖሮም አጭር! የእኛን ቀበሌ ረሳሻት እንዴ አልኳት፤ ሁለት ክረምት አይታ፣ ሁለተኛው ሲወጣ የተዘጋችውን?

ፖላንዳዊው ክፍለ ሀገር ጸሐፊ አግኝቷል። የእኛዋ ያላት ጸሐፊ እኔ ብቻ ነኝ፤ ያውም ደመወዝተኛ ጸሐፊዋ ነበርኩ። ደብዳቤዋን የጻፍኩ፣ ቃለ ጉባኤዋን የያዝኩ፣ የቢሮዋን በር ጠዋት የከፈትኩና ማታ የዘጋሁ እኔ ነኝ። እንድትቋቋም የጠየቀውን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እንድትዘጋ የጠየቀውንም እንደዚሁ። የመጀመሪያውን ያስጻፈኝ አባቴ ነው። ሁለተኛውን ያስጻፈችኝ እናቴ ናት። የቀበሌዋን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ከጻፍኩት በስሙ የተነሣው ጠብ እንደገና ይነሣና ከሰፈሩ ሽማግሌ ግማሹ ያኮርፈኛል።

ሰፈራችን ከሐይቅ ከተማ ወደ አምባሰል በሚወጣው በኩል፣ ውሃውን ቁልቁል በሚያይ ተረተር ላይ ናት። ከሥሯ አንዲት ወንዝ ትወርዳለች። በበጋ ፍየል ሳትረጥብ ትሻገራታለች፤ በክረምት ግን በሬ ትወስዳለች። ከወንዟ ማዶ ዳሯ ላይ ጥቂት ቤቶች አሉ፤ እነሱም ያው ሰፈራችን ናቸው። የድሮው ቀበሌያችን ቢሮ ደግሞ ከእነሱም አልፎ፣ ሌላ አቀበት ጨርሶ ነበር። አባቴ ለአንድ የድጋፍ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። በመጀመሪያው ቀን ሊቀ መንበሩ ለቅሶ ሄዷል ተባለ። በሁለተኛው ቀን ማኅተሙ ተቆልፎበታል ተባለ። በሦስተኛው ወንዙ መጣና አንድ እግር ጫማውን ይዞበት ሄደ። አባቴ ባንድ እግር ጫማ ቤት ገባ፣ ተቀመጠ፣ ጫማውን አውልቆ ፊት ለፊቱ አቆመና «የራሳችን ቀበሌ ያስፈልገናል» አለ።

አባቴ ገበሬ ነው፤ ግን በልጅነቱ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገብቶ ዜማ ጀምሮ ያቋረጠ ገበሬ ነው። ያቋረጠውን ዜማ ዕድሜ ልኩን በሌላ ነገር ላይ ሲጨርሰው ኖሯል። ማመልከቻውን ሲያስጽፈኝ ቆሞ፣ መቋሚያ የያዘ ይመስል እየተወዛወዘ ነበር። እሱ በሥላሴ ስም እንጀምር አለ፤ እኔ «ጉዳዩ» ብለን ነው የምንጀምረው አልኩ። ተከራከርን። በመጨረሻ ሁለቱንም አስገባናቸው። ወረዳ ላይ ያነበበው ሰውዬ አሜን ለማለት ሲዳዳው አይቻለሁ።

ወረዳው እምቢ አላለም። አንድ ባለሙያ ላከና «የማን ቤት ከማን ጋር እንደሆነ ነዋሪው ራሱ ተስማምቶ በዝርዝር ያምጣ» ብሎ ሄደ። ይሄን ያህል ቀላል ነገር ነው የጠየቀን። ሦስት እሑድ ተሰብስበን ሦስት እሑድ ተጣልተን ተነሣን። ዋናው ጥያቄ የማዶዎቹ ቤቶች ነበሩ፤ ከእኛ ናቸው ወይስ ከዚያኛው አቀበት? በአራተኛው እሑድ አባቴ ተነሣ።

«አንድ ሰፈር ማለት አብሮ የሚቀባበር ነው» አለ። «የቅሬያችን ጡሩንባ ሲነፋ የወጣ ሁሉ የእኛ ነው። ያልወጣ የእኛ አይደለም። በቃ!»

ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። በእኛ ዘንድ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይረዳዳል፣ ባንድ ድንኳን ያለቅሳል። ስለዚህ የአባቴ ሐሳብ ለሁሉም በራ። ተጨበጨበለት። አንዱ እንዲያውም ቀድመን ለሰው እንዳንናገር፣ ከተናገርን ሁሉም ይወጣና ፈተናው ይበላሻል አለ፤ እሱም ተጨበጨበለት። እዚያ ከተቀመጥነው አዋቂዎች መካከል ግን፣ እኔን ጨምሮ፣ ጡሩንባው የሚነፋው ሰው ሲሞት ብቻ መሆኑን ያስታወሰ አንድም አልነበረም።

በማግስቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጡሩንባ ነፊው፣ አባቴና ሦስት የኮሚቴ ሰዎች ተረተሩ ጫፍ ላይ ወጡ። እኔ ደብተርና እስክሪብቶ ይዣለሁ። ነፊው ጉንጩን ሞልቶ ነፋው። ከዚያ ቁልቁል እያየን ቆጠራ ልንጀምር ስንል አገር ምድሩ ተናወጠ።

ሰው ሞፈሩን ጥሎ ወጣ። ሴቶች ነጠላቸውን እየዘቀዘቁ፣ ሊጥ በእጃቸው እንደያዙ ወጡ። ያልታሰበ፣ ከየት መጣ የሚባል ሰው ሁሉ መጣ። አንዲት ዘመዳችን ማን እንደሞተ ሳታውቅ «ወየው ወንድሜ!» ብላ ደረቷን እየመታች አቀበቱን ስትወጣ እኔ ስሟን መዝገብ ላይ እያሰፈርኩ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። የወንድሟን በሕይወት መኖር ስታይ ከደስታው ይልቅ ቁጣው ባሰባት። «ማን ነው የሞተው?» አለች። ሁሉም «ማን ነው?» አለ። ጡሩንባ ነፊው አባቴን አየው። አባቴ ሰማዩን አየው።

«ማንም አልሞተም» አለ ነፊው በመጨረሻ። «ድንበር እየለካን ነው።»

ከዚያ የሆነውን በዝርዝር አልጽፍም፤ ሊጥ የተወረወረበት ሰው አሁንም አለ። ቅሬው ያለ ለቅሶ ጡሩንባ በመነፋቱ ተሰብስቦ አባቴንና ነፊውን በሚቀጥሉት ሁለት ለቅሶዎች ውሃ ቀጂ አደረጋቸው። ዝርዝሩ ግን ዝርዝር ነው፤ ጸደቀ። እዚያ ዝርዝር ላይ የማዶዎቹ ቤቶች አልነበሩም። ከማዶ አንድም ሰው አልወጣም ነበር።

ከማዶዎቹ ቤቶች የአንዱ እመቤት የእናቴ ባልንጀራ ናት። እኔ እትየ ነው የምላት። ሙስሊም ናት፤ እናቴ ክርስቲያን ናት፤ ሁለቱም ባንድ ዓመት ለዚህ ሰፈር ተድረው መጥተው ባንድ ምንጭ ውሃ ሲቀዱ የተዋወቁ ናቸው። የቅሬው ድንኳን፣ ድስቶች፣ አግዳሚዎችና ቃሬዛው የሚቀመጡት በእሷ ግቢ ባለ ክፍል ውስጥ ነው፤ ቁልፉም እሷ ጋ ነው። እናቴ በዚያው ቀን ወረደችና፣ ተሻግራ፣ ጆሮሽ ምን ሆነ አለቻት።

«ወላሂ ሰምቻለሁ» አለች እትየ። በቆሎ እየፈለፈለች ነበር፤ መፈልፈሏንም አላቆመችም። «ግን አንቺየ፣ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ጋ አይደል? ቁልፍ ሳይወሰድ ጡሩንባ ተነፍቶ ያውቃል? ቁልፉ ይኸው መቀነቴ ላይ ነው። እንግዲህ ማን ሊሞት ነው?»

ጎረቤቶቿም ጡሩንባውን ሰምተው መጀመሪያ ያዩት ወደ እሷ ደጅ ነበር። እሷ በቆሎዋን ትፈለፍላለች። እሷ ካልተነሣች ሰው አልሞተም ብለው ሁሉም ወደየሥራው ተመለሰ።

እናቴ ይህን ይዛ እየሳቀች መጣች። ነገሩ ያለቀ መስሏት ነበር። አባቴ ግን ግንባሩን ቋጠረ። «ሰምታ ካልወጣችማ ይባስ!» አለ። ለሚስቴ ባልንጀራ ብዬ ዝርዝር ከለወጥኩ ነገ ሌላው ምን ይለኛል አለ። ደግሞም ወረቀት ነው፣ ወንዙን ማን ከለከላችሁ፣ እንደ ልባችሁ ተሻገሩ አለ። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን አንዴ የያዘውን ነገር ሌላ ሰው ካላስጣለው በራሱ መጣል አይችልበትም።

ቀበሌዋ በመጋቢት ሥራ ጀመረች። አባቴ ሊቀ መንበር ሆነ። ቢሮ ያደረግነው ከቤታችን ጎን ያለውን፣ ትናንት በሬዎቹ የወጡበትን ክፍል ነው፤ ባለጉዳይ ሲገባ መጀመሪያ አፍንጫውን ይይዝና ከዚያ ጉዳዩን ይናገራል። አባቴ ማኅተሙን በመሐረብ ጠቅልሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ይዞት ይዞራል። የመጣለትን ወረቀት ሁሉ ማተም ይወዳል። የቀን መቁጠሪያው ጀርባ ላይ አትሟል፤ የእኔን የዘፈን ደብተርም አትሟል። ከአስፋልቱ ዳር ትልቅ ታፔላ አቆመ። በመስከረም የግሸን ተሳላሚ የጫኑ አውቶቡሶች ሲያልፉ እታፔላው ሥር ቆሞ፣ የትልቅ ከተማ ከንቲባ ይመስል እጁን ያውለበልብላቸዋል። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ይለኝ ነበር። የሰው ደብዳቤ በአንድ ሰዓት አልቆለት ሲሄድ፣ ጫማውን ወንዝ ሳይወስድበት፣ ማን ደስ አይለውም?

ከዚያ አንድ ደብዳቤ መጣ። የየአካባቢው ማኅበራት በየቀበሌያቸው ይመዝገቡ የሚል ነው። ክፋት የለበትም። ግን ቅሬያችን በዚያ ደብዳቤ ለሁለት ተከፈለ። የማዶዎቹ በአቀበቱ ቀበሌ የራሳቸውን ቅሬ አስመዘገቡ፤ ንብረቱም የተቀመጠው በእነሱ ክልል ነውና ለእነሱ ቀረ። ጡሩንባና ነፊው ደግሞ በእኛ በኩል ነበሩ። እነሱ ድንኳን አላቸው፣ ጡሩንባ የላቸውም። እኛ ጡሩንባ አለን፣ ድንኳን የለንም። ከሁለት ቅሬ አንድ ሙሉ ለቅሶ አይወጣም ነበር።

የመጀመሪያው ክረምት እንደወጣ፣ ከእኛ በኩል አንድ አዛውንት አረፉ። በድንኳን ፋንታ የእህል መውቂያ ሸራ ወጠርን። ነፋስ በመጣ ቁጥር ገለባ ከላይ ይረግፋል፤ ቄሱም ሼሁም ገለባ ለብሰው ተቀምጠዋል። በቀልድ ልናልፈው የምንችለው ነበር። ግን የማዶዎቹ መጡ። እትየም ከፊት ሆና መጣች፤ እንደ ልማዷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በቀጥታ ወደ ምድጃው ስታመራ፣ የአዲሱ ቅሬያችን ሹም፣ ሥርዓት አዋቂ ሰውዬ ነው፣ በትሕትና ክንዷን ያዛት።

«እርስዎ እንግዳ ነዎት፤ በዚህ በኩል ይቀመጡ» አላት።

አስቀመጧት። ፊት ለፊት፣ ከሁሉ ቀድሞ ንፍሮ ቀረበላት፤ ባለ አበባ ሳህን ተመርጦ ቀረበላት። ይብሉ እንጂ፣ ይጨመርልዎት እንጂ ተባለች። ስንት ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ንፍሮ ስታማስል የኖረች ሴት እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ሳህኑን ሳትነካ ተቀመጠች። የምታየው ምድጃውን ነው። እናቴ ከድስቱ በላይ ቀና አለችና ዓይን ለዓይን ተያዩ። እኔ ሁለቱንም አየኋቸው። ያን ቀን ነው ቀበሌዋን የጠላኋት፣ ጸሐፊዋ ሆኜ።

እናቴ ቤት ስትገባ አባቴ ላይ አልጮኸችም። ለእኔ ነው የተናገረችው። እሷና እትየ ገና ወጣት ሳሉ የተዋዋሉት ነገር አለ፤ ቀድማ የምትሞተውን ሌላይቱ ደጇን ትጠርግላታለች፣ ለቀስተኛዋን ትቀበልላታለች፣ ንፍሮዋን ታማስልላታለች። እንደ እህት ማለት ነው። «አሁን እኔ ብሞት» አለች እናቴ፣ «እሷን ባለ አበባ ሳህን ሰጥተው ሊያስቀምጧት ነው? ደጄን ማን ሊጠርግልኝ ነው?»

በሳምንቱ ቢሮ ተቀምጬ ሳለሁ እናቴ ባለጉዳይ ሆና መጣች። ከፊቷ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ይለፉ ቢሏት እምቢ ብላ ተራዋን ጠበቀች። ተራዋ ሲደርስ ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና «ጻፊ» አለችኝ።

«ጉዳዩ ምንድን ነው?» አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ?

«ይህች ቀበሌ ትዘጋልን የሚል ነው።»

አባቴ ታፔላውን ሊያስቀባ ሄዶ ነበር። ጻፍኩ። የእናቴ ማመልከቻ እንደ አባቴ ዜማ አልነበረውም፤ ባጭሩ እንደ ድሮው አንድ ቅሬ ሆነን መቀባበር እንፈልጋለን የሚል ነበር። ከዚያ ወረቀቱን ነጠላዋ ውስጥ ይዛ ቤት ለቤት ዞረች። ክረምቱ ተመልሶ ሲመጣ ወረቀቱ ግራና ቀኙ በጣት አሻራ ተሞልቶ ነበር። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር። ከቀበሌ የሚወጣ ወረቀት ወረዳ የሚገባው የሊቀ መንበሩ ማኅተም ሲያርፍበት ነው።

አባቴ ወረቀቱን ቆሞ አነበበው። ሲጀምር ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር፤ መሐል ሲደርስ ዜማው ጠፋበት። የአሻራዎቹን ዝርዝር ወደ ታች ሲያይ መጀመሪያው ላይ ቆመ።

«ይሄ ጣት የማን ነው?» አለ።

«ስታጎርስህ የኖረችው ጣት ናት» አለች እናቴ። «አላወቅካትም?»

አባቴ ወረቀቱን አጠፈና ከማኅተሙ ጋር ኪሱ ከተተው። ከዚያ ቀለም ደርቋል አለ። ቀለም ሲመጣ እያሰብኩበት ነው አለ። እናቴም በበኩሏ ስሙን መጥራት ተወች። «ክቡር ሊቀ መንበር፣ እራት ቀርቧል» ትለዋለች። «ክቡር ሊቀ መንበር፣ በሬዎ ገመድ በጥሷል፣ ምን ይወስናሉ?» ትለዋለች። ስታጎርሰው የኖረችው ጣት ሥራ አቆመች። ሰውዬው ከሳ። ግን አላተመም። ያቺ ማኅተም በስተርጅና ያገኛት፣ አቋርጦ ያልቀረው ብቸኛ ነገሩ እንደሆነች አውቃለሁ፤ ሁላችንም እናውቃለን። እናቴም ስለምታውቅ ነው አንድ ቀን እንኳ ከኪሱ ያልሰረቀችው።

በነሐሴ እትየን ብርድ መታት። እናቴ ጠዋት፣ ወንዙ ገና ዝቅ እንዳለ፣ ተሻግራ ሄደች። እኩለ ቀን ላይ ከላይ ዘንቦ ኖሮ ደፍርሶ መጣ፤ ሦስት ቀንም አልጎደለም። አባቴ በሁለተኛው ቀን ከዳር ቆሞ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ፤ ጎረቤቶች ይዘው መለሱት። እናቴ ከማዶ ብቅ አለች። በውሃው ድምፅ ላይ መጯጯህ ጀመሩ፤ ሰፈሩም ከሁለቱም ዳር ቆሞ ያዳምጣል።

«እንዴት ናት?» አለ አባቴ።

«አለች! ትኩሳቱ አለቀቃትም!»

«አንቺስ?»

«እኔም አለሁ! ክቡር ሊቀ መንበር፣ ማመልከቻዬስ?»

ከሁለቱም ዳር ሳቅ ሆነ። እናቴ ሳቁን ስትሰማ ጨመረችበት።

«እዚህ እንዳለሁ ብሞት የእነሱ ቅሬ ይቅበረኝ! ድንኳን አላቸው! አንተም ትመጣለህ፤ በክብር ያስቀምጡሃል!»

ሰው አሁንም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ እናቴ እውነቷን የምትናገረው ስትቀልድ ነው። አባቴን አየሁት። በሚስቱ ለቅሶ ላይ ራሱን አየ፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ባለ አበባ ሳህን ይዞ፣ እንግዳ ሆኖ። ሱሪውን ወደ ታች አወረደና ቤቱ ገባ። ተከተልኩት።

ማኅተሙን ከመሐረቡ ፈታው። «ቀለሙ ደርቋል አላልክም?» አልኩት፤ አመሌ ነው። እትፍ ብሎ አራሰውና መታው። ከዚያ ወረቀቱን ሳይመልስልኝ ቆየ። አባቴ ፊርማው ከወረዳው ሁሉ ያማረ ነው፤ በግእዝ ፊደል እንደ ሐረግ ጠምዝዞ ነው የሚፈርመው፤ አሻራ የሚያስቀምጥ ሰው ሲያይም ፊደል አልቆጠረም ብሎ ያዝናል። አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ጫነና ከእናቴ አሻራ ጎን፣ ባለቀው ቦታ ላይ አጣብቆ አሳረፈው።

«ማኅተሙ የሊቀ መንበሩ ነው» አለኝ። «ይሄኛው የባልየው ነው።»

ወረዳው በጥቅምት ዘጋን። ታፔላው ወርዶ የዶሮ ቤት በር ሆነ፣ ማኅተሙ ተመለሰ፣ እኔም ሥራ ፈታሁ። ያ ግን በኋላ ነው። በአራተኛው ቀን ወንዙ ሲጎድል አባቴና እኔ ተሻገርን። እትየ ደጅ ስንደርስ ባርኔጣውን አወለቀና መግባት አቅቶት ደፉ ላይ ቆመ።

እትየ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ትኩሳቱ ለቋታል። እናቴ ምድጃው ላይ አጎንብሳ አጥሚት ታማስላለች፤ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። «አፉ በይኝ» አላት አባቴ። እትየ ዓይኗን ወደ መደቡ መለሰች፤ ለእንግዳ የሚነጠፈው አጎዛ እዚያ አለ። አባቴም አጎዛውን አየው። ግባና ተቀመጥ ብትለው እንደማይችለው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

«ምን ይገትርሃል?» አለችው እትየ። «እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ሚስትህ በጭስ አለቀች። ከጓሮ ምሳር አለ፤ ደረቁን ፈልጠህ አምጣ።»

አባቴ ባርኔጣውን መልሶ ማድረግ እንኳ ረስቶ ወጣ። ወዲያው የምሳሩ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ለአንዲት ድስት አጥሚት የሚሆነውን ፈለጠ፤ አላቆመም። ለሠርግ የሚበቃ ፈለጠ፤ አሁንም አላቆመም። እናቴ ይበቃል ልትለው ማማሰያዋን ይዛ ስትነሣ እትየ ቀሚሷን ያዘቻት።

«ተይው» አለቻት። «ቤቱ ነው።»